ባቡሩ የማን ነው? ሐዲዱስ?

ስሙኝማ። ዛሬ የምተርክላችሁ የባቡር ታሪክ ነው። ንጉሥ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም፤ ሞት ግን አለበት፣ ከሞት መመለስም አለበት። ገንዘቡማ ከዳር እስከ ዳር ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዓመቱንና ወሩን የምጠራላችሁም እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ከሮአኖክ እንነሳ። ሮአኖክ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ምዕራብ በኩል፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች ሥር ያለች ከተማ ናት። በጠዋት ከዚያ የተነሳ ባቡር ሊንችበርግን፣ ቻርለትስቪልን፣ ማናሰስን እያለ አሌክሳንድሪያ ይደርሳል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን፣ ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ኒውዮርክ ወይም ቦስተን የሚዘልቀው መንገደኛ ከወንበሩ አይነሳም። ኮንዳክተሩ መብራት ለጥቂት ጊዜ እንደሚጠፋ በድምፅ ማጉያው ያስታውቃል። ወዲያው ፉርጎው ውስጥ ጨለም ይላል፤ የማቀዝቀዣው እምምታ ጸጥ ይላል፤ ስልኩን ሶኬት ላይ የሰካው ሰው ቀና ብሎ ጣራ ጣራውን ያያል። ከፊት በኩል ሠራተኞች በናፍጣ ሲጎትት የመጣውን ሎኮሞቲቭ ፈትተው ይወስዱና፣ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚስበውን ያስጠጋሉ። ገጭ ይላል፤ ፉርጎው በትንሹ ይገፋል፤ መብራቱ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ተሳፋሪው ሞተር ተቀየረ ብሎ ያልፈዋል። እዚያ መድረክ ላይ ግን ከፋዩም ተቀይሯል። ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ ባቡሩ ከቲኬት የሚያገኘው አልበቃ ሲለው ጉድለቱን የሚሞላው የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ነው። ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ያለው ደግሞ አምትራክ የሚባለው አገር አቀፍ የመንገደኛ ባቡር ኩባንያ ጣጣ ነው። አንድ ባቡር፣ አንድ ቲኬት፣ አንድ ወንበር፤ ሁለት ኪስ።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? ወደ ኋላ እንመለስ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ሰው ማመላለስ አንገፍግፏቸው ነበር። ሕዝቡ መኪና ገዝቷል፤ ራቅ ያለውን በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ፖስታ ቤቱም ደብዳቤውን ከአብዛኞቹ የመንገደኛ ባቡሮች ላይ አውርዷል። ኩባንያዎቹ የግል ናቸው፤ ትርፋቸው ከሰል፣ እህልና የፋብሪካ ዕቃ ከመጫን ነው። መንገደኛ ለእነሱ ኪሳራ ነው፤ ሕጉ ደግሞ እንዲሁ ጥለውት እንዳይሄዱ ይዟቸዋል። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ኦክቶበር 30 ቀን 1970 አንድ አዋጅ ፈረሙ፤ ሜይ 1 ቀን 1971 ያ አምትራክ ያልኳችሁ ኩባንያ ሥራ ጀመረ። በአንድ ሌሊት ከነበሩት የመንገደኛ ባቡሮች ግማሽ ያህሉ ቀሩ።

ልብ በሉ፤ ኩባንያዎቹ ያስረከቡት መንገደኛውን ነው። ሐዲዱን አላስረከቡም። አምትራክ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን ወደ ቦስተን ከሚሄደው መስመር አብዛኛውን በእጁ አስገባ እንጂ፣ በቀረው አገር በሰው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ተከራይ ሆኖ ቀረ። እርግጥ ሕጉ ለመንገደኛ ባቡር ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። ይሄ ቅድሚያ ግን ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የትኛው ባቡር እንዲያልፍ፣ የትኛው ጥግ ይዞ እንዲጠብቅ የሚያዘው የጉዞ ተቆጣጣሪ ደመወዙን የሚቀበለው ከጭነቱ ኩባንያ ነው። ከፊት ሁለት ማይል ገደማ የሚረዝም የጭነት ባቡር ከመጣ፣ በማሳለፊያው ሐዲድ ላይ ሊገባ የሚችለው አጭሩ ነው፤ አጭሩ ደግሞ ሰው የጫነው ነው።

ያ የ1970 አዋጅ ለክፍለ ግዛቶች አንዲት በር ትቶላቸው ነበር፤ ተጨማሪ ባቡር የፈለገ ከወጪው ድርሻውን ከፍሎ ያስጀምር የሚል። አንዳንዶቹ ገቡበት። ሌሎቹ ደግሞ ሳይከፍሉ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ባቡር ያልፍላቸው ነበር። ጎረቤት ከፍሎ ያገኘውን ሌላው በነፃ ያገኛል፤ ቅሬታው ለአርባ ዓመት ያህል ሲንከባለል ቆየ።

በ2008 ኮንግረሱ ቆረጠ። ርዝመቱ ከ750 ማይል በታች የሆነ መስመር ሁሉ፣ ከዚያ ከዋሽንግተን ቦስተን ከሚሄደው የሰሜን ምሥራቅ ዋና መስመር በቀር፣ ወጪው በአንድ ዓይነት ስሌት ይሰላ፤ ጉድለቱንም ክፍለ ግዛቱ ይሸፍን ተባለ። ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 2013 ነው። በሂሳቡ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፦ የነጂውና የኮንዳክተሩ ደመወዝ፣ ናፍጣው፣ ለባለ ሐዲዱ የሚከፈለው፣ ጽዳቱ፣ ጥገናው፣ ቲኬት ሽያጩ፣ የፉርጎዎቹ መጠቀሚያ ሳይቀር። ከዚህ ላይ የቲኬቱ ገቢ ይቀነሳል፤ የቀረው ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ይላካል። እስከዚያ ድረስ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ አስፋልት ሲከራከሩ የኖሩ የምክር ቤት አባላት፣ አንድ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ የባቡር ሂሳብ ተቀምጦ አገኙት።

ዛሬ በእነዚህ መስመሮች የሚሳፈረው ሰው ከአምትራክ መንገደኛ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ግን ያ ሂሳብ በመጣ ጊዜ የሁሉም ዕጣ አንድ ዓይነት አልነበረም። የሦስቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሞተውን። ኢንዲያና ውስጥ ሁዝየር ስቴት የሚባል ባቡር ነበር። ከኢንዲያናፖሊስ ቺካጎ፣ 196 ማይል። በሳምንት አራት ቀን ይሄዳል፤ በቀሩት ሦስት ቀናት ከኒውዮርክ የሚመጣው ረጅሙ ካርዲናል የተባለው ባቡር በዚያው መንገድ ያልፋል። መኪና ሦስት ሰዓት ገደማ በሚፈጅበት መንገድ ባቡሩ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሐዲዱ የብዙ ባለቤቶች ነውና፣ ቺካጎ እስኪገባ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው የሚጓዘው።

በ2013 ሂሳቡ ሲመጣ ክፍለ ግዛቱ ብቻውን አልተሸከመውም፤ መስመሩ የሚያልፍባቸው ከተሞችና ካውንቲዎችም አዋጡ። በዓመት ወደ ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው፤ ለአንድ ክፍለ ግዛት በጀት ከቁጥር የሚገባ ገንዘብ አይደለም። በ2015 አዮዋ ፓሲፊክ የተባለ የግል ድርጅት ገብቶ ነገሩን ሊያሳምረው ሞከረ፤ ጣራው መስታወት የሆነ ፉርጎ አመጣ፤ ምግብም ባቡሩ ላይ እየተሠራ ይቀርብ ጀመር። ተሳፋሪው ወደደው። ሐዲዱ ግን ያው ሐዲድ ነበር፤ ሰዓቱም ያው ሰዓት። ድርጅቱ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ወጣ፤ ባቡሩ ወደ አምትራክ ተመለሰ።

ከዚያ 2019 መጣ። ገዢው ኤሪክ ሆልኮምብ ለምክር ቤቱ ባቀረቡት በጀት ውስጥ ለባቡሩ የተያዘ ገንዘብ አልነበረም፤ ምክር ቤቱም አልጨመረበትም። አደጋ አልደረሰበት፣ ሐዲድ አልተነቀለበት። የበጀት ዓመቱ ጁን 30 ቀን ተዘጋ፤ ባቡሩም ያን ቀን የመጨረሻውን ጉዞ ሄደ። በየበጀቱ ‘ዘንድሮስ ትሰጡኛላችሁ?’ እያለ የሚጠይቅ፣ የሚሄድበትም ሐዲድ የሰው የሆነ ባቡር፣ አንድ ዓመት ‘አይ’ ከተባለ የሚይዘው ነገር የለውም።

ሁለተኛው ታሪክ ከደቡብ ነው፤ ሰሜን ካሮላይና። እዚያ የጥንት ሰዎች ለዛሬዎቹ ውለታ ውለውላቸዋል። በ1849 የሰሜን ካሮላይና ባቡር ኩባንያ ሲቋቋም መንግሥት ከአክሲዮኑ አብዛኛውን ገዛ። መስመሩ በ1856 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ለግል ኩባንያ አከራዩት፤ አንደኛው ኪራይ ብቻ 99 ዓመት የሚዘልቅ ነበር። ጦርነት መጣ፣ ሄደ፤ ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላው ገዛው፤ መሬቱና ሐዲዱ ግን አልተሸጠም። በ1998 ክፍለ ግዛቱ የቀሩትን ባለ አክሲዮኖች ገዝቶ 317 ማይሉን ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገው። ዛሬም የጭነት ኩባንያ ተከራይቶት ይሠራበታል፤ ኪራዩን ግን የሚቀበለው የሕዝቡ ኩባንያ ነው።

በዚህ ሐዲድ ላይ ከ1995 ጀምሮ ፒድሞንት የሚባል ባቡር ከራሌ ሻርለት ይመላለሳል። ጉልበቱን ብትሉ የአምትራክ ሠራተኞች ናቸው የሚነዱት፤ ፉርጎውና ሎኮሞቲቩ ግን የክፍለ ግዛቱ ንብረት ነው። አሮጌ ፉርጎዎች እየገዛ አሳደሰ፤ በባንዲራው ቀለም፣ በሰማያዊና በቀይ አስቀባቸው። ምግብ ቤት የለበትም፤ መክሰስ የሚሸጥ ማሽን ቆሟል። ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች በየፉርጎው እየዞሩ ለእንግዳው መንገድ ያሳያሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ አብዛኞቹም ባቡር ስለሚወዱ ብቻ የመጡ ናቸው። ከ2009 በኋላ የፌዴራል መንግሥት ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ገንዘብ ሲያከፋፍል፣ ሰሜን ካሮላይና ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደች። ለምን? መሬቱ በእጇ ነበር፤ ጥናቱም ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛ ሐዲድ ዘረጋች፤ መኪናና ባቡር የሚጋጩባቸውን መሻገሪያዎች ዘጋች። በ1995 በአንድ ምልልስ የጀመረው ፒድሞንት ከ2023 ወዲህ በቀን አራት ምልልስ ሆኗል፤ ኒውዮርክ የሚዘልቀው ካሮሊኒያን ሲጨመር አምስት።

ሦስተኛዋ ቨርጂኒያ ናት፤ አበሻው የሚኖርባት። የእሷ ታሪክ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ቨርጂኒያ አንድ ለየት ያለ ሕግ አላት። ከ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶች መካከል ገዢዋ ለሁለት ተከታታይ ዘመን እንዳይመረጥ የምትከለክል እሷ ብቻ ናት። አራት ዓመት ገዝቶ ይወርዳል። እንግዲህ ሐዲድ በአራት ዓመት የሚሠራ ነገር አይደለም፤ አንዱ ያቀደውን ሌላው ይጀምረዋል፣ ሦስተኛው ይመርቀዋል፤ ወይም ሦስተኛው ያፈርሰዋል። ስለዚህ የገዢዎቹን ዘመን እየቆጠርኩ ልተርክላችሁ።

በማርክ ዋርነር ዘመን፣ በ2005፣ ለሐዲድ ሥራ ብቻ የሚውል ቋት ተከፈተ። ገንዘቡ ከየት መጣ? መኪና ከሚከራይ ሰው ከሚሰበሰብ ግብር! መኪና የተከራየው ሰው ሳያውቀው የባቡር መንገድ ያሳድሳል።

በቲም ኬን ዘመን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2009፣ ከሊንችበርግ የሚነሳ ባቡር በክፍለ ግዛቱ ገንዘብ ተጀመረ። ሙከራ ነበር፤ የሦስት ዓመት ጊዜ ሰጡት። ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት የተሳፈረው ሰው ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ሥራ ፈላጊው ለካ ባቡር ጠፍቶበት ኖሯል።

በቦብ ማክዶኔል ዘመን፣ ዲሴምበር 2012፣ ባቡር ኖርፎክ ገባ፤ ያቺ የባሕር ኃይል ከተማ የመንገደኛ ባቡር ካየች ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። በ2013 ደግሞ የትራንስፖርት ሕጉ ሲሻሻል ለመንገደኛ ባቡር ማስኬጃ ከሽያጭ ታክስ ላይ ድርሻ ተቆረጠለት። ዓመቱን አስተውሉ። ከኮንግረሱ የመጣው ሂሳብ ኦክቶበር ላይ ሲደርስ፣ ቨርጂኒያ የምትከፍልበትን ኪስ አስቀድማ ሰፍታ ጠበቀችው።

በቴሪ ማካውሊፍ ዘመን ተራው የሮአኖክ ሆነ። ሮአኖክን ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለ የባቡር ኩባንያ ነው ከተማ ያደረጋት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነበር፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራቸው ነበር። ያቺ ባቡር ሠርታ የምታወጣ ከተማ ከ1979 ጀምሮ የሚሳፈሩበት ባቡር አጣች። ሊንችበርግ ድረስ ባቡሩ ሲመጣ እንኳ የሮአኖክ ሰው አውቶቡስ ይዞ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ኦክቶበር 31 ቀን 2017 ባቡሩ ራሱ መጣላት።

እስከዚህ ሁሉም መልካም ይመስላል። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ቨርጂኒያ ገንዘቡን አገኘች፣ መንገደኛውን አገኘች፤ ሐዲዱ ግን አሁንም የጭነት ኩባንያዎች ነው። አንድ ባቡር ለመጨመር ፈቃዳቸውን መጠየቅ አለባት። በበጋ ሙቀት ሐዲዱ ሲግል ፍጥነት ቀንሱ ይላሉ፤ መንገደኛው ይዘገያል። ከሁሉ የከፋው ፖቶማክ ላይ ያለው ሎንግ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ነው። የዛሬው ድልድይ በ1904 የተሠራ ነው፤ ሁለት ሐዲድ ብቻ አለው፤ ባለቤቱ ሲኤስኤክስ የተባለው የጭነት ኩባንያ ነው። የኩባንያው የጭነት ባቡሮች፣ አምትራክ፣ ከፍሬደሪክስበርግና ከማናሰስ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ቪአርኢ፣ ሁሉም በዚያች ጉሮሮ ነው የሚያልፉት። ሰው ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ከአቅሙ 98 በመቶው ይያዛል። ሮአኖክ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር ብትጨምሩ ፖቶማክ ላይ ይቆማል።

ራልፍ ኖርዛም ገዢ ሆኑ። በጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ሂሳብ ቀረበላቸው። አንደኛው የመንገድ ነው፦ በዋሽንግተንና በፍሬደሪክስበርግ አቅጣጫ ሰው ዕድሜውን የሚፈጅበትን ኢንተርስቴት 95፣ በ52 ማይል ርዝመት በግራና በቀኝ አንድ አንድ መስመር ማስፋት፤ ዋጋው 12.5 ቢሊዮን ዶላር። ሥራው አልቆ ሲከፈትም መንገዱ ተመልሶ ይጨናነቃል ብለው ባለሙያዎቹ ጨመሩበት። ሁለተኛው የባቡር ነው፦ 3.7 ቢሊዮን ዶላር። ዲሴምበር 2019 ገዢው የባቡሩን መረጡ። ከሲኤስኤክስ ጋር በተደረገው ስምምነት ቨርጂኒያ 350 ማይል የባቡር መሬትና 225 ማይል ሐዲድ በ525 ሚሊዮን ዶላር ትገዛለች፤ ፖቶማክ ላይም ከአሮጌው ጎን ለመንገደኛ ብቻ የሚሆን ባለ ሁለት ሐዲድ አዲስ ድልድይ ይሠራል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ባቡሮቹ ባዶ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ‘ትንሽ እንቆይ’ ማለት ለማንም ቀላል ነበር። ቨርጂኒያዎች ግን በ2020 ምክር ቤታቸው ባወጣው ሕግ የቨርጂኒያ መንገደኛ ባቡር ባለሥልጣንን አቋቋሙ፤ ማርች 2021 ላይ፣ ሰው ገና አፉን ሸፍኖ በሚሄድበት ወቅት፣ አሌክሳንድሪያ ጣቢያ ላይ ስምምነቱን ፈረሙ።

ይህ ባለሥልጣን ባቡር አይነዳም፤ ነጂም ኮንዳክተርም አይቀጥርም። ሐዲድና መሬት ይይዛል፣ ግንባታውን ያሠራል፣ በቀን ስንት ባቡር ከየት ይነሳ የሚለውን ከአምትራክ ጋር ተዋውሎ ሂሳቡን ይከፍላል። ዋናው ብልሃት የገንዘቡ ምንጭ ነው። የነዳጅ ታክሱ፣ የመኪና ሽያጭ ታክሱ፣ ከጠቅላላው የሽያጭ ታክስ የሚቆረጠው ድርሻ፣ ሁሉም አንድ የትራንስፖርት ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሕጉ ባስቀመጠው ቀመር ይከፋፈላል፤ ለልማት ከሚመደበው ክፍል አውራ ጎዳናው የአንበሳውን ድርሻ ይወስዳል፤ ለከተማ ትራንስፖርት 23 በመቶ፤ ለወደቦች፣ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ለጠፈር ሮኬት ማስወንጨፊያ ሳይቀር የየድርሻቸው አለ፤ ለባቡር 7.5 በመቶ። ባቡሩ ከእንግዲህ በየዓመቱ ደጅ አይጠናም። አሌክሳንድሪያ ወይም ስፕሪንግፊልድ ቤንዚን ቀድቶ ለታክሲ ሥራ የሚወጣው ወገናችንም፣ በእያንዳንዷ ጋሎን ከዚህ ባቡር ላይ ድርሻ አለው፤ ተሳፍሮበት ባያውቅም።

‘ታዲያ ያልተሳፈረበት ለምን ይከፍላል?’ የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በየምክር ቤቱም ይነሳል። መልሱ ከላይ የነገርኳችሁ የ12.5 ቢሊዮኑ ሂሳብ ነው። ባቡር ላይ የተቀመጠው ሰው መንገዱ ላይ የለም፤ እሱ ባይኖርበት የሚጠቀመው መኪና ውስጥ ያለው ነው።

ግሌን ያንግኪን በ2022 ሲመጡ ፓርቲው ተለወጠ፤ ኖርዛም ዲሞክራት፣ ያንግኪን ሪፐብሊካን። ባቡሩስ? ቀጠለ። በዚያው ዓመት፣ ጁላይ ላይ፣ ሮአኖክ ሁለተኛ ባቡር አገኘች። ክፍለ ግዛቱ የሚደግፋቸው ባቡሮች በቀን ስምንት ምልልስ ደረሱ፤ በዓመት የሚሳፈረውም ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ሆነ። በ2023 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥት ለድልድዩ ሥራ 729 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ኦክቶበር 2024 ግንባታው በይፋ ተጀመረ። በሜትሮ ቢጫው መስመር ፖቶማክን የሚሻገር ሰው በመስኮቱ ያየዋል። አሌክሳንድሪያ ላይ አራተኛ ሐዲድ፣ ፍራንኮኒያ–ስፕሪንግፊልድ ላይ መንገደኛው ባቡር ጭነቱን የሚያልፍበት ማለፊያ ድልድይ፣ የዚሁ ሥራ ቅጥያ ናቸው።

አሁን ኢንዲያናንና ቨርጂኒያን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ሁለቱም ጋ ባቡሩን የነዳው ያው አምትራክ ነው፤ ሁለቱም የታዘዙት በአንድ ሕግ፣ የተጠየቁት ሂሳብም በአንድ ቀመር ነው። ሁለቱም ጋ ተሳፋሪ ነበር፣ የሚወደው ሕዝብም ነበር። አንደኛው ዓመት ጠብቆ የሚለምን ተከራይ ሆኖ ኖረ፤ ሌላዋ ገንዘቡን በሕግ አሰረችው፣ ከዚያም ቤቱን ገዛችው። ሰሜን ካሮላይና ደግሞ ቤቱን ሳትሸጠው በመኖሯ ብቻ ብዙ ድካም ቀረላት።

የፖቶማክ ድልድይ ያልቃል የተባለው በ2030 ነው። በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት ሪባኑን የሚቆርጠው ገዢ፣ ሥራውን ካስጀመሩት ሌላ፣ ምናልባትም ባቡር የማይወድ ሰው ሊሆን ይችላል። ባይወድም፣ ባቡሩን ለማስቀረት ኢንዲያና ውስጥ እንደሆነው አንዲት የበጀት መስመር መዝለል አይበቃውም። ሕግ ማሻር አለበት፤ ቀመር ማስለወጥ አለበት፤ የሕዝብ የሆነ ሐዲድም መሸጥ አለበት፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ።